ዝም ያለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን እንዴት ይነሳል? ለድሬ አስተባባሪዎች

ግሩፑ ውስጥ 340 ሰው አለ። «ውድ ቤተሰቦች፣ እሁድ ጠዋት የጽዳት ዘመቻ ስላለን ሁላችሁም እንድትገኙ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስድስት አውራ ጣት፣ ሁለት ልብ፣ አንድ «በርቱ» ይመጣል። እሁድ ጠዋት ቦታው ላይ የምትገኙት ግን እናንተ፣ ጓደኛችሁና ሁልጊዜ የማይቀሩት አንዲት እናት ብቻ ናችሁ።

ይሄ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ቡድን ለሚያስተባብር ሰው ነው። ሥራው ጽዳት ይሁን፣ ችግኝ ይሁን፣ ደም ልገሳ ወይ የአረጋውያን ቤት እድሳት፣ መንገዱ ያው ነው። አንድ ነገር ላስቀድም። ሰው የሚጠፋው ልቡ ስለደነደነ አይደለም። ለሁሉም የተባለ ጥሪ የማንም አይሆንም። ቢመጣም የሚይዘው ሥራ ያጣል። ሠርቶ ሲሄድ ደግሞ ምን እንደተገኘ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ስብከት አይጠቅምም። «የዛሬ ወጣት ተበላሽቷል» የሚለውን ወሬ ለበርጫ ተዉት።

1. ከመደንገጣችሁ በፊት ቁጠሩ

ደብተር አውጡ። ከስልክ ይልቅ ወረቀት ይሻላል፤ ስም በእጅ ስትጽፉ ሰውየው ፊታችሁ ይመጣል። ሦስት ዝርዝር ሥሩ። አንደኛው ባለፉት ሦስት ወራት በአካል መጥቶ የሠራ ሰው። ሁለተኛው ድሮ ይመጣ የነበረና አሁን የጠፋ። ሦስተኛው ግሩፑ ውስጥ ገብቶ አንድም ቀን ያልታየ።

ሦስተኛው ዝርዝር በጣም ይረዝማል። ይርዘም። ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ኦንላይን ማኅበረሰቦች ሲጽፍ፣ ከ100 ሰው 90ው አንብቦ ያልፋል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይሳተፋል፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው አንዱ ነው ብሏል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቦይ ለሚጠርግ የሰፈር ቡድን ልኩ ሊለይ ይችላል። ግን ነገሩን ቀለል ያደርገዋል። 340 ሰው ያለበት ግሩፕ 340 ሠራተኛ ኖሮት አያውቅም። በኒልሰን ልክ ካሰላችሁት ሦስት አራት ሰው ተሸክሞታል፣ ሠላሳ የሚሆን ደግሞ ሲጠሩት ይመጣ ነበር። የጎደለባችሁ ያ ሠላሳ ነው። የምትፈልጉትም እሱን ብቻ ነው።

እሱ ያለው ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ሥራውንም ቦታውንም እናንተንም ያውቃል። እሱን መመለስ አዲስ ሰው ከማሳመን በእጅጉ ይቀላል። ብዙ አስተባባሪ ግን «አባል ጨምሩ፣ ሊንኩን ሼር አድርጉ» ሲል ይውላል። ቁጥሩ ይጨምራል፣ አካፋ የሚይዘው እጅ ግን አይጨምርም።

ግሩፓችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም ከ100 ሰው የማይበልጥ ከሆነ፣ ቴሌግራም የላካችሁትን መልእክት ማን እንዳየው እስከ 7 ቀን ያሳያችኋል። ጭራሽ ያላየው ሰው ግሩፑን ሚውት አድርጎት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለራሳችሁ እወቁበት እንጂ ሰው አትክሰሱበት። «ሲን አድርገህ ዝም ትላለህ?» የተባለ ሰው ሁለተኛ አይከፍተውም።

2. ለጠፉት ደውሉ

መልእክት አትላኩ፣ ደውሉ። ሰዓት ምረጡ። ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ሙቀቱ አለ፣ እንቅልፉ አለ፣ በርጫው አለ፤ ያኔ ስለ አካፋ መስማት የሚፈልግ የለም። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ መንፈስ ሲጀምርና ሰው ደጅ ወንበር ሲያወጣ ደውሉ። መግሪብ ሲሆን ስልኩን አስቀምጡት።

በዚህ የመጀመሪያ ጥሪ ሥራ አይጠየቅም። የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን ቀረህ? ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ሄሎ! አቦ ጠፋህ እኮ። ሰላም ነህ? ቤት እንዴት ነው?»
«አልሃምዱሊላህ፣ አለን። አንተስ?»
«ደህና ነኝ። ለሥራ አይደለም የደወልኩት፣ አትሽሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እኛ ጋ መምጣት ያቆምከው ምን ሆነህ ነው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምም።»
«ወላሂ ምንም… ሥራ በዝቶ ነው።»
«እሺ። እሱን ተወውና፣ መጨረሻ የመጣህ ቀን ምን ሆነ?»
«አቦ አስታወስከኝ! በጠዋት መጣሁ፣ አካፋው ሦስት፣ ሰው ሃያ። ቆመን ቆመን፣ ባነር ይዘን ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። በዚያ ላይ ቤት ስገባ እናቴ ‹ንጹህ ሆነህ ነው የመጣኸው› ብላ ሳቀችብኝ።»

«ሥራ በዝቶ ነው» የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ከጨዋነት የመጣ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው እውነቱን የሚያወጣው። ስለ መጨረሻው ቀን ጠይቁ።

የሚነገራችሁን ሁሉ ደብተሩ ላይ በሰውየው ቃል ጻፉት፣ አታሳምሩት። ከዚያ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ከኑሮ የመጣ ነው። ወለደች፣ ተቀጠረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ጅቡቲ ሄደ። በዚህ ምንም አታደርጉም፤ መርቃችሁ ስልኩን ዝጉ፣ ስሙን ግን አትሰርዙ። ሌላው ከእኛ የመጣ ነው። «ፎቶ ላይ የሚወጡት ሁሌ እነሱው ናቸው።» «አዋጡ ተባልን፣ የት እንደገባ አልሰማንም።» «ግሩፑ የፖለቲካ መሰዳደቢያ ሆነ።» «ሁሉም ነገር በአማርኛ ነው፣ እናቴ ሶማሊኛ ብቻ ነው የምትሰማው።» እዚህ ላይ ክርክር የለም። «አይ እሱ እንኳን…» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጥሪው ከሸፈ። አመስግኑና ዝጉ። ከተደወለላቸው መሀል ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ካሉ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁ ምን እንደሆነ ተነግሯችኋል።

3. ጫጫታውን ቀንሱ

ለድሬ ሰው ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። የሚሞላው ከላይ ከደጋው ዝናብ ሲወርድበት ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይልም ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እንግዲህ አስቡት። ሐምሌ ላይ አንዱ አባላችሁ ከላይ በኩል ሆኖ «ከባድ ዝናብ ነው፣ ከወንዙ ዳር ያሉትን ንገሯቸው» ብሎ ይጽፋል። ግማሹ ሰው ግን ግሩፑን ሚውት ካደረገ ወራት አልፎታል። ለምን? በየቀኑ «ለ10 ሰው ካልላክህ» የሚል ፎርዋርድ፣ የሚሸጥ ስልክ፣ የሰው ሠርግ ቪዲዮና «መልካም ሰኞ» የሚል የአበባ ሥዕል ስለሚመጣ። ሰው ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅሉን በብር ነው የሚገዛው።

ዋናው ግሩፕ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይለፍ። ጥሪ፣ የተሠራው ሥራ ውጤት፣ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ። ለጨዋታው፣ ለሐዘኑና ለደስታው ሌላ ግሩፕ ክፈቱ፣ ወይም ቴሌግራም ግሩፕን በርዕስ የሚከፍልበትን አማራጭ ተጠቀሙ። ጨዋታውን ጨርሳችሁ አትዝጉት። ሰው የሚቀራረበው እዚያ ነው፤ ድሬ ሆኖ ጨዋታ የሌለበት ማኅበር ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ሕግ ግን አታብዙ። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ንቁ አርታኢዎቹ ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ መውረድ ጀመረ። በ2013 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ሲያየው፣ በቅን ልብ የመጡ አዲስ ሰዎች የጻፉት ቶሎ ቶሎ እየተሰረዘባቸው፣ ሕጉም እየጠነከረ ለመቀየር አስቸጋሪ እየሆነባቸው እንደሚሄዱ አገኘ። ጥራት ለመጠበቅ የተሠራው አጥር በጎ ሰውንም አስወጣ ማለት ነው። እናንተም ጋ ያልሆነ ነገር የላከውን ሰው በሁሉ ፊት አትውቀሱት፣ ዘላችሁም ከግሩፑ አታውጡት። መልእክቱን አንሱና በግል «ይሄ ወደ ጨዋታው ግሩፕ ቢሆን» በሉት። ይበቃዋል።

4. ሥራውን በትንሹ ቁረጡት

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ አብዛኛው ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነውና።

«ከተማችንን እናጽዳ» ሥራ አይደለም፣ ምኞት ነው። ሥራ ማለት የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ሰዓት ያለው፣ ስንት ሰው እንደሚፈልግ የታወቀ፣ ሲያልቅ ማለቁ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የትንኝ ጉዳይን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ ለድሬ ሁልጊዜ የሚጠቅም ስለሆነ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን ያጋደመው ቺኩንጉንያ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት፤ ቀን ነው የምትናከሰው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማ ውስጥ ወባ ሲጨምር ተመራማሪዎች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ሌላ ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ሁለቱም ረግረግ አያስፈልጋቸውም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ፣ የተጣለ ጎማ ይበቃቸዋል። ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ደግሞ በሙቀት ወቅት ሳምንት ወይ ጥቂት ቀን ቢጨምር ነው። ስለዚህ ሥራው በዓመት አንድ ቀን ባነር ይዞ መውጣት አይሆንም። በሳምንት አንዴ፣ ያንኑ መንገድ፣ እነዚያኑ ቤቶች ማየት ነው። ለበጎ ፈቃደኛ ቡድን ይህን የመሰለ ሥራ ማግኘት ዕድል ነው። ትንሽ ነው፣ ይደጋገማል፣ ልዩ ሙያ አይጠይቅም።

አሁን ሁለት ጥሪ እዩ። የተለመደው ይሄ ነው፦

«ውድ የከተማችን ወጣቶች! ኑ በጋራ ሆነን ትንኝን እናጥፋ! እሁድ ሁላችሁም እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን!»

ይሄንን አንብቦ ማን ምን ያደርጋል? የት? በስንት ሰዓት? ምን ይዞ? አሁን ይሄኛውን፦

«ቅዳሜ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡00። ገንደ ቆሬ፣ የምንገናኘው እንደ ባለፈው ሱቁ በር ላይ። 8 ሰው ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆነን ለአንድ ጥንድ 10 ቤት። ሥራው፦ የበርሜልና የሮቶ ክዳን ማየት፣ ክዳን ለሌለው ጨርቅ ማሰር፣ ባዶ ጎማና ጣሳ መገልበጥ። ብሩሽ፣ ጨርቅና ገመድ አለን። የምትመጡ ስም ጻፉ፣ 8 ሲሞላ ይዘጋል።»

«8 ሲሞላ ይዘጋል» የሚለው ዘዴ ብቻ አይደለም፣ እውነትም ነው። ሃያ ሰው ቢመጣ አሥራ ሁለቱ ቆሞ ይውላል። ቆሞ የዋለ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የተረፈውን ሰው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስመዝግቡት።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የሰፈሩ የጤና ባለሙያ፣ አሥር ደቂቃ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ካልሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ምሳሌ ልስጣችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንዲት እናት ለሊት ተነስታ የሞላችውን በርሜል «ይደፋ» ካላችሁ፣ ሁለተኛ በሩ አይከፈትላችሁም። መከፈትም የለበትም። ውሃው አይደፋም፣ ይከደናል። ሲያልቅ ግን እንደገና ከመሞላቱ በፊት የበርሜሉ ግድግዳ በብሩሽ መፈተግ አለበት። ኤደስ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው ላይ አጣብቃ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኘው ይፈለፈላል። ይሄንን አንዴ የሰማች ጎረቤት ለሌላዋ ትነግራለች። በጎ ፈቃደኛውም «ጠቃሚ ነገር አውቄ፣ ጠቃሚ ነገር ነገርኩ» ብሎ ይገባል። እንደዚህ ብሎ የገባ ሰው ቅዳሜ ሲደርስ ጠሪ አይፈልግም።

ለማይመጣውም ሥራ ይኑር። ጅቡቲ ያለው ልጅ ጥሪውን በሶማሊኛ በድምፅ ይቅረጽ። ባጃጅ ያለው ብሩሹንና አካፋውን ያድርስ። ልብስ ሰፊዋ ከተራፊ ጨርቅ የበርሜል ክዳን ትስፋ። ነፍሰ ጡሯ ዝርዝሩን ትያዝ። «መምጣት ካልቻልክ አባል አይደለህም» ያለ ቡድን ራሱን ነው ያሳነሰው።

5. በስም ጥሩ

ጠሪ አክባሪ ይባላል። ለሁሉም የተጻፈ መልእክት ግን ማንንም አልጠራም። ዳርሊና ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ይሄንኑ አሳይቷል። አንድ ሰው ሲታመም የሚሰማው ብቻውን እንደሆነ ያመነ ሰው ቶሎ ይረዳል። ሌሎችም እየሰሙ ነው ብሎ ያሰበ ይዘገያል፣ ወይም ጭራሽ አይነሳም። ክፋት አይደለም። «አንዱ ይሄዳል» ማለት ነው። ግሩፕ ላይ 340 ሰው «አንዱ ይሄዳል» ሲል ነው እሁድ ባዶ የሚሆነው።

ዕድራችሁን አስቡት፤ ሐረሪዎች ጋ አፎቻውን። ዕድር «የተመቻችሁ ድንኳን ትከሉ» ብሎ አያውቅም። የዛሬ ተረኛ እነ እገሌ ናቸው ይላል። ስም አለ፣ ተራ አለ፣ የቀረ ሰው ይታወቃል። ቅጣቱን ለዕድር ተዉት፣ ተራውን ግን ተዋሱ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥሪውን ግሩፑ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለአራት ወይ ለአምስት ሰው በግል ንገሩ፣ እሺታቸውንም ያዙ። ጥሪው ሲወጣ የእነሱ ስም ከታች ተጽፎ ይውጣ። ባዶ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያ ሆኖ መጻፍ ማንም አይወድም፤ አራት ስም ካየ ግን አምስተኛው ይጽፋል። ሰውን ስትጠሩ ለምን እሱን እንደፈለጋችሁ ንገሩት። «አንተ ኦሮምኛው ይቀናሃል፣ እዚያ መንገድ ላይ ያላንተ አንግባባም» ማለት «ና እንጂ» ከማለት ይለያል። ለትልቅ ሰው ደግሞ በትልቅ ሰው ወግ ነው። «እማማ፣ ይሄን ሰፈር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ሁለት ልጆች ብልክ ቤቶቹን ያሳዩአቸዋል?» እማማ ያሉበት ሥራ ላይ በር አይዘጋም።

ፖል ግን አትመኑ። «ትመጣላችሁ ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» የሚል ቁልፍ ማስጫን ዋጋ የለውም። መጫን ነፃ ነው።

ቋንቋውን አትርሱ። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ መንገድ ላይ ይነገራሉ። ጥሪው በሦስቱም በአጭር የድምፅ መልእክት ቢወጣ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶችም ይሰማሉ። ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። የአራት ደቂቃ ድምፅ ማንም አይጨርስም፣ እኔም ጭምር።

6. የዕለቱ ነገር

በሰዓቱ ጀምሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ ቢሆን እንኳን። ንግግር የለም። እንግዳ የለም። መሣሪያው ከሰው ቀድሞ ይድረስ። ፀሐይ ሳይከር፣ ከተባለው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ጨርሱ። አዲስ የመጣ ሰው ካለ ከነባር ጋር አጣምሩት እንጂ አዲስን ከአዲስ ጋር አትላኩ። ሴት ልጆች ከጓደኛቸው ጋር መመደብ ከፈለጉ ይመደቡ፤ የሰው ቤት ነው የሚንኳኳው። ሲያልቅ ፉልና ሻይ ካለ ጥሩ ነው፣ ሁሉም የየራሱን ከፍሎም ቢሆን። ግማሹ ሰው የሚመጣው ለዚያች ሻይ ነው፣ ነውርም የለውም።

7. ያንኑ ቀን ውጤቱን ንገሩ

ማታ ሳይሆን፣ ነገ ሳይሆን፣ ያንኑ ጠዋት። «38 ቤት ታየ። 11 በርሜል ክዳን አልነበረውም፣ 9ኙ ተሸፍኗል። ከ40ው ሁለት ቤት ሰው አልነበረም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይታያሉ። የሠሩት፦ …» ብሎ ስማቸውን መዘርዘር። ይሄ ለመጣው ምስጋና ነው፣ ላልመጣው ደግሞ ከወቀሳ የተሻለ ግብዣ ነው።

ፎቶው የበርሜሉ ይሁን፣ የቦዩ ይሁን፣ በፊትና በኋላ። ተርታ ቆሞ አውራ ጣት ማሳየት ቀርቶ ምንም አይጎድልም። የሰው ግቢ ውስጥ ግን ሳይጠየቅ ስልክ አይወጣም። የደሃ ቤት ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ የዚያ መንገድ ነገር አበቃ።

ብር የሚሰበሰብ ከሆነ በተመሳሳይ መንገድ ይነገር። ሁለት ሰው ይያዘው፣ የገባውና የወጣው በየወሩ መጀመሪያ ይለጠፍ፣ የቴሌብር ደረሰኙም አብሮ። 150 ብር ቢሆንም። ሰው 150 ብሩን አይፈልገውም፣ ዝምታውን ነው የሚጠረጥረው።

8. ከዓመቱ ጋር ሂዱ

ተሳትፎ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሆንም፤ እንዲሆንም አትጠብቁ። ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉም ይስማማል። ረመዳን ላይ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አትያዙ፤ ማፍጠሪያ ማሸግና ማድረስ የመሰለው ግን ያኔ ሰው አያጣም። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከተማው በቁልቢ ተጓዥ ይሞላል፣ የእናንተም ሰው ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሥራ በንጋት ካልሆነ አይሆንም። ቦይ የሚጠረገው ግን ያኔ ነው፣ ሐምሌ ከገባ በኋላ አይደለም።

ትልቁ መውደቅ የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በክረምት በጎ ፈቃድ ተማሪው ይጎርፋል። ትምህርት ሲከፈት ይበተናል፣ ግሩፑም እስከ ፋሲካ ድረስ ያንቀላፋል። ይሄ በየዓመቱ የሚመጣ ስለሆነ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተዘጋጁ። ከሚሄዱት እያንዳንዱ የጀመረውን መንገድ ወይ ሰፈር ለአንድ ለሚቀር ሰው በአካል ወስዶ ያሳይ። «ተክቼሻለሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፣ ቤቶቹን አብረው ይዙሩ። ከሌላ ክልል ተመድበው ወደ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ተማሪዎች ደግሞ እንደገቡ ጋብዙ። ከተማውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሰፈር ሥራ የተሻለ በር አያገኝም።

9. ቁልፉን አካፍሉ

አስተባባሪው ራሱ ሲደክም ቡድኑ አብሮት ይደክማል። ምልክቱ ይታወቃል። ጥሪው እየረዘመ፣ ቁጣ እየገባበት፣ «እኔ ብቻዬን…» የሚል ቃል እየተደጋገመ ይመጣል። እዚህ ከደረሳችሁ ለሁለት ወር እረፍት ውሰዱ። በይፋ ንገሩ፣ የሚተካችሁንም ሰው በስም ጥሩ።

ሥራውን ቢያንስ ለሦስት ክፈሉት። አንዱ ይደውላል፣ አንዱ መሣሪያ ይይዛል፣ አንዱ ውጤት ይጽፋል። ሦስቱም አድሚን ይሁኑ። በየስድስት ወሩ ተለዋወጡ። የሚደውለው ሰው ጨዋታ አዋቂ ይሁን፣ የሚጽፈው ደግሞ ቁጥር የማይረሳ። ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ እምብዛም አይገኙም።

ሦስት ወር በዚህ መንገድ ሄዳችሁ ከአምስት ሰው በላይ ካልተገኘ፣ ችግሩ ጥሪው ላይ ላይሆን ይችላል። ሥራውን ሰፈሩ አልፈለገውም፣ ወይም ሌላ ቡድን ይሠራዋል። ያኔ አምስታችሁ ወደዚያኛው ቡድን ግቡ። 340 ሰው ያለበትን ግሩፕ ደግሞ በአንድ ግልጽ መልእክት ዝጉት፤ ሰውን «ይነሳ ይሆን» እያሉ ማቆየት አያስፈልግም።

የመጨረሻው ነገር ትንሽ ቴክኒክ ነው፣ ግን ብዙ ግሩፕ የሞተበት ነው። የግሩፑ ባለቤት የሆነው አካውንት የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ባለቤቱ አገር ለቆ ቁጥሩን ከቀየረ አድሚን ሆናችሁም ሙሉ ሥልጣን አይኖራችሁም። ቴሌግራም ባለቤትነትን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ይፈቅዳል። ግን የሚያስረክበው ሰው አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት አለበት፣ ካበራው በኋላም 7 ቀን ማለፍ አለበት። ስለዚህ መሄጃው ቀን ሲደርስ ኤርፖርት ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም። ለባለቤቱ ዛሬ ደውሉና እንዲያበራው ንገሩት፣ የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ ይጻፍ።